ሮቦትን ከልጆች ጋር ኩኩሉ ለማጫወት

ክረምት በመጣ ቁጥር የሰፈር ልጆችን ናኦ ከሚባለው ሰው መሰል ሮቦት ጋር አጫውታለሁ። ቁመቱ 58 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቱ ከ5 ኪሎ ጥቂት ያልፋል።

ወለሉ ለጥ ያለ ይሁን፤ ምንጣፍ እግሩን ይጠልፈዋል። የልጆቹ ቁጥር ከ6 አይብለጥ። የሚሸሽ ልጅ ካለ እጁን ጎትታችሁ «ንካው» አትበሉት። እኔ እንዳየሁት አብዛኞቹን የሚያስደነግጣቸው ሮቦቱ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው የሞተር ድምፅ ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጡና የሮቦቱን አናት ዳሰስ አድርጉት፤ እዚያ ንክኪ የሚለዩ ሦስት ቦታዎች ስላሉ፣ ሲነኩ እንዲስቅ አስቀድማችሁ አዘጋጁት። ፈሪው ልጅ ቀስ እያለ በጎናችሁ ይመጣል።

ናኦ ከፋብሪካ ሲወጣ አማርኛ አያውቅም። መጀመሪያ የራሴን ድምፅ ቀድቼ ጫንኩበት፤ ሮቦቱ በተናገረ ቁጥር ልጆቹ ዘወር ብለው እኔን ያያሉ። በጎረቤቴ ልጅ ድምፅ ስተካው ግን ዓይናቸው ከሮቦቱ ላይ አልተነሳም። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የሌለ ሰው ድምፅ ምረጡ።

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩና «ኩኩሉ!» ይበል። ልጆቹ «አልነጋም!» እያሉ ይሸሸጋሉ። በጫጫታው መሃል «ነጋ!» ማለታቸውን በትክክል አይሰማም፤ እንዲዞር ከኮምፒውተር የማዝዘው እኔ ነኝ። ማን እንደሚያዘው ለጠየቀኝ ልጅ ደብቄ አላውቅም።

አንድ ቀን ሲዞር ሚዛኑን ስቶ በግንባሩ ተደፋ። አብዛኞቹ ሳቁ። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ግን «እኔን!» ብላ ሮጣ ጉልበቱን ታሽለት ጀመር። ቀና ብላ «አመመው?» አለችኝ። እንዲህ ስትጠየቁ «አዎ» ብላችሁ አትዋሹ፤ «ዕቃ ነው፣ ተዪው» ብላችሁም አታሳፍሯት። «ሕመም አይሰማውም፤ መገጣጠሚያው ግን ሊሰበር ይችላል፤ ደርሰሽለታል፣ ጎበዝ» አልኳት። እንደገና እንዲወድቅ ሊገፉት ያሰፈሰፉትን ሁለት ልጆች ደግሞ ግራና ቀኝ ጠባቂ አደረግኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልገፋውም።

መጨረሻው ላይ አትቸኩሉ። አሜሪካ ውስጥ ሮቦቪ ከተባለ ሮቦት ጋር በተጫወቱ 90 ልጆች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ሮቦቱ እየተቃወመ ቁም ሳጥን ውስጥ መከተቱ ልክ አይደለም ያሉት ከግማሽ በላይ ነበሩ። እኔም ናኦን ድንገት አላጠፋውም። አስቀድሜ ቁጢጥ አደርገዋለሁ፤ እንደቆመ ሞተሮቹ ቢላሉ ይወድቃል። ልጆቹ ተራ በተራ «ደህና እደር» ይሉታል፤ ናኦ የሚቀመጥበትን ሳጥን ክዳን የሚዘጋውም ከእነሱ አንዱ ነው።