ላብ፣ ሚዛንና ቦርጭ፦ ስፖርት ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ገና ሳይነጋ ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ወይም በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል የሚሮጠው ሰው በርክቷል። ጡረተኛው ሳይቀር ቱታውን ለብሶ ይወጣል። መልካም ነው። ችግሩ ብዙዎቹ የድካማቸውን ውጤት የሚለኩት በማይሆን መለኪያ መሆኑ ነው። በዚህ የተነሳ ጥሩ እየሠሩ ሳሉ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል።

ላብን እንደ ስብ መቁጠር

ወገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በላዩ ሹራብ ደርቦ የሚሮጥ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ላብ ግን ውኃና ጨው ነው፤ ሥራውም የጋለውን ሰውነት ማቀዝቀዝ ብቻ ነው። ከሩጫ በኋላ ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ክብደት ውኃ ሲጠጡ ይመለሳል። ላስቲኩ የሚያተርፈው ነገር ቢኖር የሰውነት ሙቀትን ከልክ በላይ ከፍ ማድረግ ነው፤ ይህ ደግሞ ለአደጋ ይዳርጋል።

ታዲያ ስቡ በየት በኩል ይወጣል? ሩበን ሚርማንና አንድሩ ብራውን የተባሉ በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. አስልተው እንዳሳዩት፣ 10 ኪሎ ግራም ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎ ግራሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ግራም ውኃ ይሆናል። ይህን ሰምቶ ቁጭ ብሎ በፍጥነት መተንፈስ የሚጀምር ካለ ትርፉ ራስ ማዞር ነው፤ ስቡ የሚቃጠለው ሰውነት ጉልበት ሲፈልግ ነው። በሐምሌ ብርድ እምብዛም ሳያልበው የሮጠ ሰው፣ በሚያዝያ ቀትር በላብ ተጠምቆ ተመሳሳይ ርቀት ከሮጠው ያነሰ ስብ አቃጠለ ማለት አይደለም።

ቦርጭን ለብቻው ለማጥፋት መሞከር

ይህኛው ከሁሉም ሥር የሰደደ ነው። በጀርባ ተኝቶ እየተነሱ ሆድ መሥራት የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ከጡንቻው በላይ ያለውን ስብ ግን ነጥሎ አያነሳም። በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ከደም የሚያገኘው ስብ ከመላው ሰውነት የተሰበሰበ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በቴኒስ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተጫዋቾቹ ለዓመታት ራኬት የያዙበት ክንድ ከሌላው ይልቅ ወፍሯል፤ ከቆዳ ሥር ያለው የስብ ውፍረት ግን በሁለቱም ክንዶች ላይ ያው ነበር። ስብ ከየትኛው አካል ቀድሞ እንደሚቀንስ የሚወስኑት ውርስ፣ ጾታና ሆርሞን ናቸው።

ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣው የሎሚ ውኃም ቦርጭ አያቀልጥም። በስኳር የበዛ ሻይ ፋንታ ከተጠጣ ግን ጥቅም አለው፤ ጥቅሙ ከቀረው ስኳር እንጂ ከሎሚው አይደለም።

ደስ የሚለው፣ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚጠራቀመውና ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም የሚያጋልጠው ስብ፣ አዘውትሮ በመራመድና በመሮጥ የሚቀንስ መሆኑ ነው፤ ሚዛኑ ብዙም ሳይለወጥ እንኳ ሊቀንስ ይችላል።

ስብ ወደ ጡንቻ ይለወጣል ማለት

አይለወጥም። ሁለቱ የተለያዩ ሕብረ ሕዋሳት ናቸው። ስፖርት ያቆመ ሰው ጡንቻው ይሳሳል፤ አመጋገቡን ካልቀነሰ ደግሞ ስቡ ይጨምራል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለሚሆኑ አንዱ ሌላውን የሆነ ይመስላል።

ሚዛንን ብቻ ማመን

ታክሲ ተራ አካባቢ ሚዛን ዘርግተው የሚጠብቁት ልጆች ስንት ኪሎ እንደሆኑ ይነግሩዎታል፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ጡንቻ፣ ስንቱ ውኃ እንደሆነ ግን ሚዛኑም አያውቀውም። አንድ ሊትር ጡንቻ 1.06 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን አንድ ሊትር ስብ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ሱሪው እየሰፋ ኪሎው ባለበት ሊቆም ይችላል። የልብስ ሰፊ ሜትር የተሻለ ይናገራል። የወገብ ዙሪያ ከቁመት እኩሌታ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ 170 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም ሰው ከ85 በታች ማለት ነው።

ክብደት ማንሳትን ለወጣት ወንዶች መተው

በየሰፈሩ ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት አያይዘው የሚያነሱት ጎረምሶች ብቻ ናቸው። ሴቶች «ወንድ እመስላለሁ» ብለው ይሸሻሉ። ጡንቻን በማግዘፍ ትልቅ ድርሻ ያለው ቴስቶስትሮን የተባለ ሆርሞን በወንዶች ደም ውስጥ ከሴቶች ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚገኝ ስጋቱ መሠረት የለውም። ደግሞስ ውኃ በጠፋ ቁጥር 20 ሊትር ጀሪካን ይዘው አራተኛ ፎቅ የሚወጡት እነማን ሆኑና ነው ክብደት የሚፈሩት?

አዛውንቶችም አይቅሩ። በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ወደ 90 የሚጠጋና ያለፈ ሰዎች ለስምንት ሳምንታት በክትትል ክብደት ሠርተው የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ብቻ አይደለም፤ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን ማሠራትንም ይጨምራል። ውኃ የተሞላ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ለመጀመሪያ ይበቃል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ካላመመኝ አልሠራሁም ማለት

ከእንጦጦ ቁልቁል የሮጠ ሰው በማግሥቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ሕመሙ ጡንቻው ያልለመደውን እንደሠራ ይናገራል እንጂ የጥቅም መለኪያ አይደለም። መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ የሚወጋ ሕመም ከሆነ ደግሞ ማቆም ይገባል።

ሮጫለሁና ልብላ ማለት

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው 350 ካሎሪ ያህል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በጾም ወራት ሥጋው ቀርቶ ዘይቱ ከበዛ፣ ሦስት ማንኪያ የጠዋቱን ሩጫ ይመልሰዋል። ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ራሳቸው ጥፋት የለባቸውም፤ እንዲያውም ጡንቻ የሚጠገንበት ፕሮቲን ያለው እነርሱ ውስጥ ነው። መቀነስ ያለበት ከጠርሙሱ በቀጥታ ድስቱ ላይ የሚንቆረቆረው ዘይት ነው።