የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስትን ለማትሪክ ተማሪ በቁና ማስረዳት

ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ፈተና ሲደርስ የሰፈር ልጆች ሂስትሪ አስጠናን እያሉ ይመጣሉ፣ እና በየዓመቱ እዛው ቦታ ላይ ነው የሚሰናከሉት። ሂትለር እስኪሞት ድረስ እንደ ፊልም ይተርኩልሃል፣ ከዛ "እሺ ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካ ለምን ገነነች?" ስትላቸው ጸጥ። ወይ ደሞ "አቶሚክ ቦምብ ስለነበራት" ብለው ይገላገላሉ፣ ቦምቡንማ ሶቪየትም በፈረንጅ 1949 ሠርታዋለች። ታናሾቻችሁን የምታስጠኑ ካላችሁ እኔ እንዴት እንደማደርግ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ካላንደሩን አስተካክሉ። አንድ ዓመት ይሄን ዘልዬው የእህቴ ልጅ የኮርያ ዘመቻን ከዓለም ጦርነቱ በፊት አድርጋ ጻፈችው፣ ለምን ብትሉ አያቷ "ቃኘው በ1943 ነው የሄደው" ብለዋታል፣ መጽሐፉ ደሞ ጦርነቱ 1945 አለቀ ይላል፣ እሷ ምን ታድርግ! አውሮፓ ውስጥ ጦርነቱ ያበቃው ሜይ 8፣ 1945 ነው፣ በኛ ሚያዝያ 30 ቀን 1937። የአርበኞችን ቀን ሚያዝያ 27ን የማያውቅ ልጅ እዚ አገር የለም፣ ስለዚ "ከአርበኞች ቀን በሦስተኛው ቀን፣ ግን ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ 4 ዓመት ቆይቶ" በሉት፣ አይረሳውም። ከዚ በታች ያለው ቁጥር በፈረንጅ ነው።

ከዛ ወደ ውርጭ ግቡ። እዚ ያደገ ልጅ ህዳር ላይ ውርጭ ባቄላን ምን እንደሚያደርግ አስተማሪ አያስፈልገውም። የሜዳው ማሳ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተመታ፣ ዳገት ላይ ያለው የአንድ ሰውዬ ብቻ ተረፈ በሏቸው። ጎበዝ ገበሬ ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ነገር ግን ውርጩ እሱ ጋ አልደረሰም። ያ ሰውዬ አሜሪካ ነው። "ጋሼ፣ ፐርል ሃርበርስ?" (ጃፓን የደበደበችው ሐዋይ ያለው የአሜሪካ ወደብ) የሚል አይጠፋም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሐዋይ ግን ደሴት ናት፣ የመኪና ፋብሪካዎቹ ከተማ ዲትሮይት ላይ ቦምብ አልወረደም። አሜሪካ 400 ሺህ ገደማ ወታደር ሞቶባታል፣ ሶቪየት ግን ከነሲቪሉ ወደ 27 ሚሊዮን ሰው። መኪና ይሠሩ የነበሩት የአሜሪካ ፋብሪካዎች ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲያመርቱ ከርመው ሥራ አጥነቱን ጠራርገውታል፣ ጦርነቱ ሲያልቅ የዓለም የፋብሪካ ምርት ግማሹ ገደማ እዛ ነበር።

አሁን ቁናዋ ትመጣለች፣ እዚ ጋ ቀስ በሉ። ሰውዬው ለጎረቤት እህል ሲያበድር በማን ቁና ይሰፈራል? ልጆቹ ራሳቸው "በሱ!" ይላሉ። በቃ ብሬተን ዉድስ የሚባለው ስብሰባ ማለት ይሄ ነው፣ ጁላይ 1944፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ 44 አገሮች (ኢትዮጵያም አለችበት) ተሰበሰቡ፣ አንድ አውንስ ወርቅ 35 ዶላር ሆነ፣ የሌላው ሁሉ ገንዘብ ደሞ በዶላር ተለካ። አይኤምኤፍ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) እና ዓለም ባንክም ከዛው ስብሰባ ነው የወጡት። እድር ላይ ሁሉም እኩል ድምፅ አለው፣ እዚ ግን ድምፁ ባዋጣኸው ልክ ነው። እንግሊዝ፣ ያቺ ፀሐይ አይጠልቅባትም የተባለችው፣ በ1946 ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተበድራ ከፍላ የጨረሰችው 2006 ላይ ነው፣ ይሄን ስነግራቸው ሁሌ ይስቃሉ። ለኛም በዚችው ቁና ተሰፍሮልናል፣ በ1950 ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድረናል።

ማርሻል ፕላንን፣ አሜሪካ አውሮፓን መልሶ ለማቋቋም የሰጠችውን እርዳታ፣ እንደ ምጽዋት እንዳታስተምሩት። ከ1948 ጀምሮ ለ16 አገሮች 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተሰጠው ጎረቤት ዘር ካጣ ነገ ገበያ የሚወጣልህ ስለማይኖር ነው፣ ደሞ ወንዝ ማዶ ስታሊን የሚባል ሌላ ባለ ጎተራ ተቀምጧል። የምዕራቦቹን የጦር ቃል ኪዳን ኔቶን (1949፣ 12 አገር)፣ የፀጥታው ምክር ቤት 5 ቋሚ ወንበሮችን፣ የቅኝ ግዛቶቹን መፍረስ፣ ህንድን በ1947፣ 1960 ላይ 17 የአፍሪካ አገሮችን፣ ካርታ ዘርግታችሁ በጣት እያሳያችሁ እለፉት፣ በሽምደዳ አይገባም።

አሜሪካ አገር ውስጥ ምን ሆነ የሚለውን ግን አትሸውዱት። በ1944ቱ የተመላሽ ወታደሮች ሕግ 2.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው ኮሌጅ ገብቷል፣ ለቤት መሥሪያ ብድር ዋስትናም ነበረው፣ ከ1947 ጀምሮ ኒውዮርክ አጠገብ ሌቪታውን የሚባል ተመሳሳይ ቤት የተደረደረበት ሰፈር በቀለ። ጥቁሮች ሌቪታውን ቤት አይሸጥላቸውም ነበር፣ አብረው ተዋግተው የመጡት፣ ከብድሩም ብዙዎቹ ተገፍተዋል። "ሁሉም ሀብታም ሆነ" ብሎ የሚጽፍ ልጅ ካለ አስቁሙት።

መጨረሻ ላይ እኔ የእማማን ሙዳይ አወጣለሁ። ውስጡ ማርትሬዛ ብር አለ፣ የኦስትሪያ ንግሥት ምስል ያለበት ትልቁ፣ እና ጠርዙ የተላላጠ የጃንሆይ የብር ሃምሳ ሳንቲም፣ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ የሚል (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው)፣ አሜሪካ ፊላደልፊያ የተቀረጸ። ሁለቱን መዳፋቸው ላይ አስቀምጬ "ይቺኛዋ የማን ቁና ናት? ያቺኛዋስ?" እላለሁ፣ ከዛ ዝም፣ እነሱ ይከራከራሉ። ሙዳይ ከሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ፣ ግን ሲያበቃ ቆጥራችሁ ተረከቡ፣ ባለፈው ሃምሳ ሳንቲሟ ጠፍታ እማማ ሦስት ቀን አኩርፈውኝ ከርመው በኋላ የተገኘችው ከአንዱ ልጅ ደብተር ውስጥ ነው።