በጀልባ ላይፍ ጃኬት ጣና ላይ ሲዋኙ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ወደ ዘጌ ወይም ወደ ክብራን ገብርኤል የሚወስደው ጀልባ ዳር ሲይዝ የጣና ውኃ ያጓጓል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት የለበሰውን ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ሳያወልቅ ይገባል። ጃኬቱ ግን የመዋኛ ልብስ አይደለም። የተሠራው ጀልባ ቢገለበጥ የወደቀው ሰው እጅ እግሩን ባያንቀሳቅስ እንኳ አፍና አፍንጫው ከውኃ በላይ እንዲቆይ ነው።

ሳያጠብቁ መግባት። ከሁሉ የተለመደውም አደገኛውም ይህ ነው። ጀልባ ላይ ለተቀመጠ ሰው ልቅ ጃኬት ምንም አይመስልም። ውኃ ውስጥ ግን ስፖንጁ ሽቅብ ሲሄድ ሰውነት ቁልቁል ይቀራል፤ ጃኬቱ ጆሮ ድረስ ወጥቶ ፊት ይሸፍናል፣ እጅ ወደ ላይ ከተነሣማ በጭንቅላት በኩል ሹልክ ይላል። ስለዚህ ዘለበቶቹን አንድ በአንድ ቆልፉና ማሰሪያዎቹን ሳቡ። ከዚያ ሌላ ሰው ሁለቱን ትከሻዎች ይዞ ሽቅብ ይሳበው። አገጫችሁን ካለፈ ወይም ጆሮ ከነካ ልቅ ነው፤ አጥብቃችሁ ድገሙት። አሁንም ከወጣ መጠኑ የእናንተ አይደለም። በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ካለው አትተዉት፣ ጃኬቱን ወደ ታች የሚይዘው እሱ ነው። በመጨረሻም ወገብ በሚደርስ ውኃ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ወደ ኋላ ተንጋለሉ፤ አገጫችሁ ከውኃው በላይ መሆን አለበት።

ለልጅ የአዋቂ ጃኬት ማልበስ። ማሰሪያውን የቱንም ያህል ብታጠብቁት ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ልጁ ከውስጡ ያመልጣል። የልጅ ጃኬት ላይ የተጻፈው ኪሎ ከልጁ ክብደት ጋር ይግጠም። ጃኬት ለብሷል ብሎ ዘወር ማለትም አይገባም፤ አዋቂው እጁን ቢዘረጋ ልጁን በሚያገኝበት ርቀት ላይ ይሁን።

ሁሉም ጃኬት አንድ ነው ማለት። ውስጡ የተሰፋው ምልክት ላይ 50፣ 100 ወይም 150 የሚል የኒውተን ቁጥር ፈልጉ። 10 ኒውተን 1 ኪሎ ገደማ ያነሣል። ባለ 50ው ዋና ለሚችልና ዳር አካባቢ ላለ ሰው ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው አያንጋልልም። ባለ 100ው የተሠራው በረጋ ውኃ እንዲያንጋልል ነው። ለመዝናኛ ዋና የሚመቸው እጅ የማያስረው ባለ 50 ነው።

በደረት መዋኘት። ወፍራሙ የጀልባ ጃኬት ደረታችሁን ሽቅብ እየገፋ ሊያንጋልላችሁ ይታገላል፤ ብብት ይፈትጋል፣ ጥቂት ሜትር ሳትሄዱ ክንድ ይዝላል። ተንጋልላችሁ እግራችሁን አወራጩ፣ በእጃችሁ ውኃውን ከጎናችሁ ወደ እግራችሁ ግፉ።

ከጀልባ ጣሪያ መዝለል። ሰውነት ሲሰምጥ ጃኬቱ ከላይ ይቀርና አገጭንና አንገትን ይመታል። በመሰላል ውረዱ።

ያረጀ ጃኬት ማመን። ብርቱካናማው ጨርቅ ገለባ መስሎ ከነጣ፣ ክሩ በጥፍር ሲነካ ከተበጠሰ ፀሐይ በልቶታል። ስፖንጁን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ጎድጉዶ ከቀረ ወይም ሲሰነጠቅ ከተሰማ ያ ጃኬት አብቅቷል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሰው እንደ ትራስ ስለሚቀመጥበት ነው። የተጠራጠራችሁትን ባለ 100 ጃኬት 5 ኪሎ የሚዛን ብረት አስራችሁ ውኃ ውስጥ ልቀቁት፤ ከሰመጠ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ሌላ ሰው እንዳይለብሰው።

ነፋስና ወራጅ መርሳት። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፣ ሞገዱም አጫጭርና ተከታታይ ስለሆነ ትንፋሽ ያሳጣል። ጃኬት የለበሰ ሰው ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ ስለሚንሳፈፍ ነፋሱ እንደ ባዶ ጀሪካን ይገፋዋል፤ ያ ወፍራም ልብስ ደግሞ ነፋሱን ተቃርኖ ለመመለስ አያስችልም። የማይሰምጥ ሰውም ከዳር ሊርቅ ይችላል። ጠዋት ውኃው ረጋ ሲል ግቡ፣ እግራችሁ መሬት በሚነካበት ቦታ ከዳሩ ጋር ትይዩ ሆናችሁ ዋኙ፣ ገመድ የያዘ ሰው ዳር ላይ ይቁም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ግን ጃኬት ኖረም አልኖረም አትግቡ፤ ወራጁም አለ፣ ጉማሬውም አለ። ቢልሃርዚያ የተባለውን የትል በሽታም ጃኬት አያስቀርም፤ በተለይ ደንገልና ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳር በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ይኖራል።

የጀልባውን ጃኬት ወስዶ አለመመለስ። እናንተ የምትዋኙበት ጃኬት የአንድ ተሳፋሪ ነው። ባለጀልባውን ሳትጠይቁ አትውሰዱ። ስትጨርሱ በንጹሕ ውኃ አለቅልቃችሁ፣ ትከሻው ላይ ሰቅላችሁ በጥላ አድርቁት፤ እርጥብ እያለ መቀመጫ ሥር ከተጠቀለለ ማሰሪያው ይሻግታል። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ተሳፋሪውንና ጃኬቱን ቁጠሩ።