የፒኤችዲ ፕሮፖዛል በእንግሊዝኛ እንዴት ይጻፋል? «ሐዋሳ ላይ አልተጠናም» ብቻውን አያስኬድም

ፒኤችዲ የገባ ሰው ለእንግሊዝኛ እንግዳ አይደለም። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የተማረበት ነው፤ የማስተርስ ቴሲሱንም ጽፎበታል። ታዲያ ፕሮፖዛሉ ከአማካሪው ዘንድ ሲመላለስ የሚከርመው ለምንድን ነው? እዚህ ሐዋሳ ያየኋቸው ረቂቆች አብዛኞቹ የሚወድቁት በሰዋስው አይደለም። ክርክር፣ ማለትም ጥናቱ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳምን ምክንያት፣ ስለሌላቸው ነው። ስለዚህ ሰዋስው ወረፋ ይጠብቅ።

መጀመሪያ ላፕቶፑን ዝጉ። በአማርኛም በሉት በሲዳምኛ፣ በሚቀናችሁ ቋንቋ ሐሳቡን ከሙያው ውጪ ላለ ሰው አስረዱ። ምን ልታጠኑ ነው? ለምን? እስካሁን ሰው አላወቀውም እንዴ? መልሳችሁን በስልክ ቅዱት። እንግሊዝኛውን ከዚያ ቅጂ ተነሥታችሁ ጻፉ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር። በአማርኛ «አይቶ፣ መዝኖ፣ አነጻጽሮ» እያልን ግሱን እስከ መጨረሻ ብናቆየው አንባቢ ይከተለናል። እንግሊዝኛ ላይ ግን ግሱ ሲዘገይ መንገድ ይስታል።

ከዚያ ንባብ ነው። ማጣቀሻ በእጅ መልቀም ጀግንነት አይደለም፤ ማጣቀሻ የሚያደራጀው ዞቴሮ የተባለ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ጫኑት። ጽሑፉ «ክፈሉ» ካላችሁ ቤተ መጻሕፍታችሁን ጠይቁ። የተመዘገቡ የኢትዮጵያ ተቋማት ብዙ ጆርናሎችን ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለ ፕሮግራም በኩል ያለ ክፍያ ያገኛሉ።

አሁን ዋናው ጣጣ፣ ጋፑ፣ ማለትም የምርምር ክፍተቱ። ጆን ስዌልስ የተባለው ምሁር በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው የምርምር መግቢያ በሦስት እርምጃ እንደሚሄድ አሳይቷል። መጀመሪያ መስኩን ታሳያለህ፣ ቀጥሎ መስኩ ላይ ያለውን ክፍተት፣ በመጨረሻ ያን ክፍተት እንዴት እንደምትሞላ። የኛ ሰው የመጀመሪያው ላይ ሰፍሮ ይቀራል። ከአለም ይጀምራል፣ ወደ አፍሪካ ይወርዳል፣ ኢትዮጵያ ይደርሳል፣ ከዚያ በአንድ መስመር «ይህ ጥናት ሐዋሳ ላይ አልተሠራም» ብሎ ይዘጋል።

ይሄ ክፍተት አይደለም። ሻሸመኔ ላይም አልተሠራ ይሆናል፤ እና ምን ይጠበስ?

በምሳሌ እንየው። ርዕሳችሁ ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ለምን ይለቃሉ የሚል ነው እንበል። ያነበባችኋቸው ጥናቶች መረጃ የሰበሰቡት ፓርኩ ሠራተኛ በገፍ በሚቀጥርበት ጊዜ ሆኖ አገኛችሁት። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላይ ግን አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው የንግድ ዕድሏ አስወጣች፤ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ቀረ። ያኔ «በፈቃዱ ለቀቀ» የተባለው ሠራተኛና ዛሬ የሚለቀው አንድ ናቸው? ክፍተቱ እዚህ ጋ ነው። ቦታው ሐዋሳ የሆነበት ምክንያትም አብሮ ተገኘ። አንቀጹ «ሃውኤቨር» (ይሁን እንጂ) ብሎ ሲዞር ከኋላው ይህን የመሰለ ምክንያት ይኑር።

«ማንም አላጠናውም» ብላችሁም አትማሉ። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ ጽፎ ዲፌንስ ገባ። ፈታኙ እዚያው በስልኩ ጎግል ስኮላር ከፍቶ ጥናቱን አሳየው። «እስካየሁት ድረስ ጥቂት ጥናቶች» ማለት ምን ይጎዳል?

ዓላማዎቹ ላይ ሁሉንም በ«ቱ አሰስ» (to assess) አትጀምሩ። ታነጻጽራላችሁ? ትለካላችሁ? የሰዎቹን ልምድ ትሰማላችሁ? ግሱ ሲለይ ሜቶዶሎጂው ራሱ ይመጣል። ገና ያልሠራችሁትን ደግሞ በኃላፊ ጊዜ አትጻፉ፤ ከሰው ቴሲስ የተገለበጠ ፕሮፖዛል የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። በጀትና የጊዜ ሰሌዳው የተቋማችሁን ቅጽ መሙላት ነው።

ሰዋስው አሁን ይግባ። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አካዳሚክ ፍሬዝባንክ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ለየክፍሉ የሚሆን አባባል ታገኙበታላችሁ። ቻትጂፒቲ ዓረፍተ ነገር ቢያቃና አልጣላውም፣ ተቋማችሁ ከፈቀደ። ማጣቀሻ ግን አትጠይቁት። የሌለ ጽሑፍ ከነጆርናሉ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ለአማካሪያችሁ ስትልኩ «እባክዎ ይዩልኝ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። «የክፍተቱ አንቀጽ ገጽ 4 ላይ ነው፤ ክርክሩ ያስኬድ እንደሆነ እሱን ብቻ ይመልከቱልኝ» በሉ። ሠላሳ ገጽ ለሳምንታት ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ አንድ አንቀጽ ግን ሻይ እየጠጡም ይነበባል።