ውጭ ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ቤት መግዛት፦ ከካሬው ዋጋ በኋላ የሚመጣው

«በካሬ ስንት ነው?» ብለን በስልክ እንጠይቃለን። የተነገረንን በካሬው ብዛት አባዝተን የቤቱን ዋጋ ያወቅን ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚሸጥልን ካሬ የደረጃውን፣ የመተላለፊያውንና የሊፍቱን ድርሻ የጨመረ ነው። እኔ 120 ካሬ ብዬ የፈረምኩበትን አፓርታማ ወንድሜ ገብቶ ሲለካው ውስጡ 97 ሆኖ ተገኘ። ውሉ ላይ «የጋራ መጠቀሚያን ጨምሮ» የምትል ሐረግ ነበረች። ስለዚህ የውስጡ የተጣራ ስፋት በቁጥር ውሉ ላይ ይጻፍልዎ።

«ከፊል የተጠናቀቀ» ከተባለ ደግሞ ሴራሚኩ፣ የውስጥ በሮቹ፣ የወጥ ቤት ካቢኔቱና ቁም ሳጥኑ በአብዛኛው የእርስዎ ወጪ ናቸው። ከእነዚህ ብዙው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ምንዛሬው ሲወጣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ዶላር ለሚልክ ሰው ቀሪው ክፍያ የቀለለ ይመስላል፤ ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ካለ ግን ያ ጥቅም ወደ ሻጩ ይዞራል። ከመፈረምዎ በፊት ይህን አንቀጽ ለጠበቃ ያሳዩ። የጠበቃ ክፍያ እዚህ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ውክልናው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እኛ ግን ኤምባሲ ሄደን «ለመግዛት፣ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ሦስተኛ ወገን ለመወከል» የሚል የተዘጋጀ ቅጽ ላይ እንፈርማለን። ለመግዛት ከሆነ መግዛቱን፣ ውል መፈረሙንና ቤቱን መረከቡን ብቻ ያስቀሩ፤ የቤቱን አድራሻም ያስገቡ። ይህ እኅትን ወይም ወንድምን አለማመን አይደለም፤ ነገ በመካከላችሁ ጥል እንዳይገባ ነው። ሰነዱ ከኤምባሲው በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ስለሚያልፍ ለዚያ የሚሆን ጊዜ ይያዙ። ገንዘቡን በተወካዩ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሻጩ የባንክ ሒሳብ ይላኩ።

የሌላ አገር ዜግነት ከያዙ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዎን፣ ቢጫ ካርዱን፣ አስቀድመው ያውጡ። በአዋጅ 270/1994 የሚሰጠው ይህ ካርድ ቤት በስምዎ እንዲይዙ በር ይከፍታል።

ነባር ቤት የሚገዛ ሰው ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ያጣራ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ የግድ ነው። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን እንዴት እንደለወጠ አይተናል፤ ቦታው ፕላን የሚነካው መሆን አለመሆኑን ወረዳው ሳይጠየቅ ቀብድ አይከፈልም። የቴምብር ቀረጡ ብቻውን የቤቱ ግምት 2 በመቶ ነው፤ የስም ማዛወሪያው ለብቻው ይታሰባል። ከገቡ በኋላ የጥበቃ፣ የሊፍትና የጄኔሬተር መዋጮ በየወሩ አለ።

ለማከራየት ካሰቡ አዋጅ 1320/2016ን ያንብቡ። የኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር አይበልጥም፣ ኪራይ መጨመርም እንደ ባለቤቱ ፈቃድ አይደለም። በመጪው ዓመት ጠቅልለው ለመግባት የሚያስቡ ከሆነ ቤቱን ለተከራይ ከመስጠትዎ በፊት ይህን ይቁጠሩ።