የጀማሪ አዳኝ የሾትገን ጥይት ምርጫ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን የአደን ደህንነት ትምህርቱን ጨርሶ ፈቃድ ካወጣ በኋላ መጀመሪያ ግራ የሚጋባው ጥይት መደርደሪያው ፊት ሲቆም ነው። አገር ቤት ምንሽር ወይም ክላሽ የለመደ ሰው አንድ ጥይት አንድ እርሳስ እንደሚተፋ ያውቃል። የሾትገን ቀለህ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንክብሎችን ስለሚይዝ፣ ገዢው የእንክብሉን መጠን፣ ብዛትና የተሠራበትን ማዕድን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ሜዳ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ ጀማሪው ቶሎ ብሎ የሚደርስበት መደምደሚያ «ጥይቱ ደካማ ነው» የሚል ሲሆን፣ ቀጥሎም ከመደርደሪያው ማግኘም የሚባለውን ከተለመደው የሚበልጥ ጭነት ያለውን ኃይለኛ ጥይት ያነሳል። በእኔ ግምት ይህ መፍትሔ ከችግሩ የባሰ ነው። ከዚህ በታች ምልክቶቹን ከአደገኛው ጀምሬ አስቀምጣለሁ።

ጥይቱ ሾልኮ በርሜሉ ውስጥ ገባ

ምክንያቱ የጌጅ፣ ማለትም የበርሜሉ ስፋት መለኪያ ቁጥር፣ አለመመሳሰል ነው። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር በርሜሉ ይጠባል፤ የ12 ጌጅ ውስጠኛ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን የ20 ጌጅ ደግሞ 15.6 ገደማ ነው። የ20 ጌጅ ጥይት በ12 ጌጅ ማጉረሻ ውስጥ ሲገባ ወደ ፊት ሾልኮ በርሜሉ መጀመሪያ ላይ ይሰነቀራል። ተኳሹ ጠመንጃው ባዶ መስሎት ከኋላው የ12 ጌጅ ጥይት ቢያጎርስና ቢተኩስ በርሜሉ እጁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በአሜሪካ የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ ተደርጎ የሚሠራውም ከዚህ አደጋ ለመጠበቅ ነው። መፍትሔው በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ጌጅ ከካርቶኑ ጋር ማመሳከር፣ እንዲሁም ሁለት ዓይነት ጌጅ በአንድ ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ አለመያዝ ነው፤ የተዋሱትን የአደን ጃኬት ኪስ ሳያራግፉ መልበስም አይገባም።

የርዝመቱ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 2¾ ወይም 3 ኢንች የሚለው ልክ ቀለህው ተተኩሶ አፉ ከተከፈተ በኋላ ያለው ርዝመት ነው። ስለዚህ ያልተተኮሰ ባለ 3 ኢንች ጥይት ለ2¾ በተሠራ ማጉረሻ ውስጥ ያለ ችግር ሊገባ ይችላል፤ ሲተኮስ ግን የታጠፈው አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሚያጣ ግፊቱ ከልክ በላይ ይጨምራል። ጥይቱ ስለገባ ብቻ ይስማማል ማለት አይደለም።

ላባው ረገፈ፣ ወፉ ግን በረረ

ጀማሪን ከሁሉ አብልጦ የሚያበሳጨው ይህ ነው፤ ቆስሎ የሚያመልጥ ወፍ ሞቶ የሚባክን ወፍ ነውና ተገቢም ብስጭት ነው። አንደኛው ምክንያት የእንክብሉ ማነስ ነው። እዚህም ቁጥሩ ወደ ኋላ ይቆጠራል፦ ቁጥር 8 እንክብል 2.3 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 6 ደግሞ 2.8፣ ቁጥር 4 ደግሞ 3.3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። አንድ አውንስ እርሳስ የቁጥር 8 እንክብሎችን ወደ 410፣ የቁጥር 6ን ወደ 225፣ የቁጥር 4ን ወደ 135 ይይዛል፤ እንግዲህ ብዛት ሲጨምር የእያንዳንዱ እንክብል ጉልበት ይቀንሳል ማለት ነው። ለሸክላ ዒላማ የሚሸጠው ርካሹ ባለ ቁጥር 8 ካርቶን ለዋኖስና ለድርጭት ይበቃል፤ ወፍራም ላባ ለብሶ 35 ያርድ ላይ የሚበረውን ወንድ ፌዛንት (ዶሮ የሚያህል የዱር ወፍ) ግን አቁስሎ ይሰደዋል። ለፌዛንት ቁጥር 5 ወይም 6፣ ለጥንቸልና ለስኩዊረል ቁጥር 6፣ ጭንቅላቱንና አንገቱን ብቻ ለሚመቱት ተርኪ ደግሞ በጠባብ ቾክ (ቾክ የአፈሙዙ ጥበት ነው) ከ4 እስከ 6 ያለው የተለመደ የእርሳስ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቾኩ ከርቀቱ ጋር አለመጣጣሙ ነው። ይህን በወሬ ማወቅ አይቻልም፤ ወረቀት ላይ መተኮስ ያስፈልጋል። ስፋቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ወረቀት መተኮሻ ሜዳ ላይ ወጥሮ መሐሉ ላይ ነጥብ ማድረግ፣ 40 ያርድ ርቆ አንድ ጊዜ ብቻ መተኮስ፣ ከዚያም እንክብሎቹ በጣም የተከማቹበትን ቦታ መሐል አድርጎ ስፋቱ 30 ኢንች የሆነ ክብ መሣል ነው። በክቡ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ተቆጥረው በቀለህው ውስጥ ለነበሩት እንክብሎች ሲካፈሉ፣ ጠባቡ ፉል ቾክ 70 በመቶ አካባቢ፣ መካከለኛው ሞዲፋይድ 60፣ ሰፊው ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ደግሞ 50 በመቶ ይሰጣሉ ተብሎ ይጠበቃል። ለምሳሌ 1¼ አውንስ የቁጥር 6 እርሳስ 280 ያህል እንክብል ስላለው፣ በሞዲፋይድ ቾክ 170 ገደማ ቀዳዳ መታየት አለበት። እኔ ግን ከመቶኛው ይልቅ ባዶ ቦታዎቹን እንድትመለከቱ እመክራለሁ፤ አንድ ወፍ የሚያህል ቀዳዳ የሌለበት ሜዳ ወረቀቱ ላይ ካገኛችሁ፣ ወይ ርቀቱን መቀነስ፣ ወይ ቾኩን ማጥበብ፣ ወይ ሌላ ጥይት መሞከር ይኖርባችኋል። አንድ ወረቀት አይበቃም፤ ሦስት አራት ይሁን። አንድ ዓይነት ቁጥርና ክብደት ያላቸው የሁለት ፋብሪካ ጥይቶች ከአንድ ጠመንጃ ወጥተው ፈጽሞ የተለያየ ሥርጭት ሲያሳዩ ማየት የተለመደ ነው።

ለፌዛንት የሠራው ቁጥር ለዳክዬ አልሠራም

በአሜሪካ ዳክዬና ዝይ በእርሳስ ማደን ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የተከለከለ ነው። ወፎቹ ረግረጉ ውስጥ የወደቀውን እንክብል ከጠጠር ጋር እየዋጡ ይመረዙ ነበርና። ካሊፎርኒያ ከ2019 ወዲህ እገዳውን ወደ ማንኛውም አደን አስፍታዋለች። ስለዚህ አብዛኛው የዳክዬ ጥይት የብረት እንክብል የያዘ ነው። የብረት እፍጋት 7.8 ገደማ፣ የእርሳስ ደግሞ 11 ያህል ስለሆነ፣ እኩል ውፍረት ያለው የብረት እንክብል ቀላል ሆኖ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል። መፍትሔው እንክብሉን ሁለት ደረጃ ማወፈር፣ ማለትም ቁጥሩን በሁለት መቀነስ ነው፤ በእርሳስ 6 የሚመርጥ ሰው በብረት 4 ይውሰድ። ለዳክዬ ከ4 እስከ 2፣ ለትልቅ ዝይ ደግሞ ቢቢ የሚባለው ከዚህም የሚወፍር እንክብል ይሆናል፤ ርቀቱንም መቀነስ ያሻል። ብረት ጠንካራ ስለሆነ ቾኩ የማይፈታ አሮጌ ጠመንጃን ሊጎዳ ይችላልና፣ የአባት ወይም የአያት ቅርስ የያዘ ሰው በመጀመሪያ ለጠመንጃ ባለሙያ ያሳይ። ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ቢዝመዝ የሚባለው ከብረት የለሰለሰ ማዕድን የተሻለ ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ዳክዬ ሲያድኑ ባይተኩሱበትም እንኳ የእርሳስ ጥይት ኪስ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ያስቀጣል።

ትከሻ በለዘ፣ ምላጭ ሲሳብ ዓይን ይጨፈናል

ጀማሪው ባለ 3½ ኢንች ማግኘም ገዝቶ ይሆናል፤ ወይም ጠመንጃው ለጥይቱ በጣም ቀላል ነው። ማግኘም በዋናነት የሚጨምረው የእንክብል ብዛት ነው፤ የእያንዳንዱን እንክብል መድረሻ ያን ያህል አያርቀውም። በአንጻሩ ሰደፉ የሚመታው ትከሻ ከጥቂት ጥይት በኋላ ድንጋጤ ይለምዳል። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ጓደኛ መተኮሻ ሜዳ ላይ ባሩድ የሌለውን የመለማመጃ ጥይት ሳታዩ ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ ያጉርስላችሁ፤ «ቀጭ» ብሎ ሳይተኩስ ሲቀር አፈሙዙ ወደ ታች ከተደፋ ድንጋጤው ገብቷል ማለት ነው። ለአንድ ወቅት ያህል ወደ 2¾ ኢንች፣ ወደ 1 ወይም ⅞ አውንስ መመለስ ያድናል።

ጠመንጃው ቀለህ አልተፋም፣ ወይም ድምፁ ታፈነ

ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ቀለህ ካልተፋ፣ ጥይቱ መዘውሩን ለመግፋት ቀሎበታል ወይም ጠመንጃው ቆሽሿል፤ አጽድቶ በመመሪያው የተጻፈውን ዝቅተኛ ክብደት መመልከት ይበቃል። ድምፁ «ፑፍ» ብሎ ከታፈነ ግን ሌላ ጥይት ፈጽሞ አይተኮስም። ጠመንጃው ባዶ ተደርጎ በርሜሉ ከኋላ በኩል በብርሃን መታየት አለበት፤ ባሩዱንና እንክብሎቹን የሚለየው የፕላስቲክ ውታፍ (ዋድ) ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና። ምላጭ ተስቦ ጨርሶ ካልተኮሰ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል አፈሙዙን አደጋ ወደሌለበት አቅጣጫ አድርጎ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ነው።

ሥጋው ተበጣጠሰ፣ ጥርስም እንክብል አገኘ

በጠባብ ቾክ በጣም ከቅርብ ተተኩሷል። ወፉን 20 ወይም 25 ያርድ ያህል እስኪርቅ መታገሥ ወይም ቾኩን ማስፋት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ከመከተፉ በፊት ሥጋው ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይፈለግ፤ እንክብል ሲገባ ላባ ይዞ ስለሚገባ፣ ከቀዳዳው ብቅ ያለች ላባ ስትሳብ ብዙ ጊዜ መንገዱን ታሳያለች። ብረት ከሆነ ጠንካራ ማግኔት በሥጋው ላይ ማሳለፍ ይረዳል። እርሳስን ግን ማግኔት አይስበውም፣ መርዝም ስለሆነ ቁስሉን ዙሪያውን አስፍቶ ቆርጦ መጣል ይገባል፤ በተለይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች የሚበሉት ከሆነ።