ቅዳሜ ጸድቶ ማክሰኞ የሚዝረከረክ ቤት፦ ችግርና መፍትሄው

ቅዳሜን ሙሉ ቤት ስታጸዱ ውላችሁ ማክሰኞ ማታ ሶፋው ላይ መቀመጫ ከጠፋ፣ ሰነፍ ነኝ ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለአራት ስንኖር ያየሁት፣ ዕቃ በየቀኑ በበሩ እየገባ የሚወጣው ግን ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ጽዳት ብቻ መሆኑን ነው። ስለዚህ ዕቃ በተከመረበት ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ይሄ በየት በኩል ይወጣል ብዬ ነው።

ሶፋውና ወንበሩ ልብስ ተሸክሟል

ምክንያት፦ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት አብዛኛው ቆሻሻ ልብስ አይደለም። አንድ ቀን የተለበሰ ሹራብ፣ ነገ የሚደገም ሱሪ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የወለቀ ነጠላ ነው። ለመታጠብ ገና ነው፤ ከታጠበው ጋር እንዳይገባ ደግሞ ተለብሷል። ማደሪያ ስለሌለው ሶፋ ላይ ያድራል።

መፍትሄ፦ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ማንጠልጠያ ምቱ። የልጆቹን ዝቅ አድርጉት፣ እጃቸው ካልደረሰ መሬት ይጥሉታል። ሁለቱ ከተያዙ ሦስተኛው ልብስ ወይ ይታጠባል ወይ ታጥፎ ይገባል።

በረንዳው በጀሪካን ተሞልቷል

ምክንያት፦ የውሃ ፈረቃ ነው። ውሃ ጠፍቶበት የተጨነቀ ሰው ባዶ ጀሪካን መጣል አይሆንለትም፣ ልክም ነው። ችግሩ ስንት እንደሚበቃን አለመቁጠራችን ነው።

መፍትሄ፦ እኛ ቤት በቀን 80 ሊትር፣ ማለትም አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያልቃል። በእኛ ብሎክ ውሃ ቢበዛ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ስለዚህ 12 ይበቃናል። አውጥቼ ስቆጥር 19 ሆኑ። ሁሉንም ሞልቼ ከሥራቸው ካርቶን አንጥፌ አሳደርኳቸው። ጠዋት የሦስቱ ካርቶን ርሷል። ሁለቱ ክዳን የላቸውም፤ ሌሎቹ ሁለት ድሮ ላምባ ነበረባቸው፣ ስንት ጊዜ ቢታጠቡ ሽታው አልለቀቀም። ሰባቱም ወጡ፤ ልብስ ማስጫ ገመዱ ሥር ከዓመታት በኋላ መቆሚያ ተገኘ።

ለሃይላንዱም እንዲሁ ነው። ለዘይትና ለመሳሰለው አምስት አስቀሩ፣ የቀረውን ጨፍልቃችሁ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ጨምሩ። ማዳበሪያው ሲሞላ «ቆራሌው!» የሚለውን ድምፅ ስትሰሙ ጥሩት። እናንተ ቤት ቦታ ያጣበበው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ፈላጊ አለው። ልዋጭ ከመጣ ግን ተጠንቀቁ፦ አሮጌ ጫማ ወስዶ አዲስ ሳፋ ሰጥቷችሁ ይሄዳል፣ ለሳፋው ደግሞ ቦታ ልትፈልጉ ነው። ሳፋ ካልቸገራችሁ ጫማውን ለሚያደርገው ሰው ስጡ።

ጠረጴዛው ይሞላል፣ ቡፌው አይነካም

ምክንያት፦ የቤቱ ምርጥ መደርደሪያ የተያዘው ለእንግዳ ነው። በዓመት ሁለቴ የሚወርድ ብርጭቆ በመስታወት ውስጥ ተሰልፎ፣ በየቀኑ የሚፈለገው ቻርጀር፣ ቁልፍ፣ የሽሮፕ ጠርሙስና የልጆች ደብተር ጠረጴዛ ላይ ይጋፋል።

መፍትሄ፦ እንግዳ ማክበር ትልቅ ባህላችን ነው፣ ስኒውን በትኑ አልልም። ግን ከቡፌው አንዱን መደርደሪያ፣ ያውም እጅ በቀላሉ የሚደርስበትን፣ ለቤቱ ሰው ልቀቁ። በዚያውም ከለቅሶና ከድግስ የቀሩ የጎረቤት ሳህኖችን ለዩ፤ ከሥራቸው በጥፍር ቀለም የተደረገውን ምልክት እያያችሁ ለየባለቤታቸው መልሱ።

ቁም ሳጥኑ ላይ የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ካርቶን አለ

«ቤት ስንቀይር ይጠቅመናል» ተብሎ የተቀመጠ ነው። የዋስትና ጊዜው ካለፈ አውጡት። በረሮ ካርቶን ይወዳል፣ በተለይ እጥፋቱ ውስጥ ይራባል።

ክረምት ሲወጣ ልብሱ ሻጋታ ሻጋታ ይላል

ምክንያት፦ ቁም ሳጥኑ ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፣ ውስጡም ታጭቋል፤ አየር አይዘዋወርም።

መፍትሄ፦ ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል አርቁት። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ ጋቢና ብርድ ልብሱን ሁሉ አስጡ፣ ሲመለስ ግን ሁሉም አይመለስ። ለልጆቹ ያጠረውን አጥባችሁ በአንድ ሻንጣ ለብቻው አድርጉ። ለመስቀል አገር ቤት የሚሄድ ጎረቤት አይጠፋም፣ ቀድማችሁ ካነጋገራችሁት ይወስድላችኋል።

ማንም የማይከፍተው ሻንጣ አለ

የሟች ልብስ ከሆነ ይህ የዝርክርክነት ጉዳይ አይደለም። ምክንያቱ ሐዘን ነው፤ ብቻችሁን አትክፈቱት፣ ሌላውም ሰው «ይውጣ» ብሎ አያጣድፋችሁ። እኔ የእናቴን ሻንጣ ሁለት ዓመት ከአልጋ ሥር አቆይቼዋለሁ። በመጨረሻ እህቴ መጣች፣ ቡና አፈላን፣ አንድ በአንድ እያወጣን የትኛውን መቼ እንደለበሰችው ተነጋገርን። ነጠላዋ እኔ ዘንድ ቀረ። ሹራቦቿን እህቴ እናታችን ለምታውቃቸው አሮጊቶች በእጇ አደረሰች፤ አንደኛዋ እዚያው ለብሳው በር ድረስ ሸኘቻት።